ቦዩ የዞረበት

ጊንጆ ላይ የሐምሌ ዝናብ እንደ አበዳሪ ነው፤
ሌሊት ይመጣል፣ ሳያንኳኳ፣ ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው።
ግቢያችን ወደ ቤቱ ያጋድላል፤ የሠራው ግንበኛ
ውሃ ሽቅብ ይሄዳል ብሎ ነው መሰል የተኛ።
አምስት ክረምት በባልዲ ጨለፍን፣
ፍራሹን ወንበር ላይ ሰቀልን፤
በስድስተኛው “በቃኝ” አልኩና
ለሎደሩ ቀብድ ከፈልኩና
ከላይ ቆርጬ ከታች ልሞላ፣ እንደ ጠረጴዛ ላቀና
ቸኮልኩ። እኔ ቀጥ ያለ ነገር እወዳለሁ፤
ሠላሳ ዓመት በመዝገብ መሥመር ላይ ቁጥር ስደረድር ኖሬያለሁ።

ዋንዛው ግን መሃል ላይ ነበር።

“ችግር የለም” አለ ኦፕሬተሩ ነስሩ፣ “ግንዱን አንነካውም፤
እስከ ጉልበቱ አፈር ቢለብስ፣ ዛፍ ነው፣ አይሞትም።”

ረውዳ መልስ አልሰጠችም። ገመድ አመጣች፤
ቅርንጫፉ ከሚያበቃበት፣ ጠብታው ከሚወድቅበት ጀምራ ዞረች፤
የግቢውን እኩሌታ ከበበች።
ችግኝ ጣቢያ የሠራች ሴት ናት፣ ብዙ አትናገርም፤
“ከዚህ ገመድ ወዲህ” አለች፣ “ጎማ አይገባም።
ሥር ጥልቅ ነው ያለህ ማነው? ከላይ ነው የሚተነፍሰው፤
በአንድ ክንድ አፈር ውስጥ ነው ትንፋሹን የሚስበው።
አንገቱን ብትቀብረው ዛሬ አይነግርህም።
የአባ ዱራን ሰሳ ረሳኸው?”

አልረሳሁም።

አባ ዱራ ግቢውን ሲደለድል ግንዱ ላይ አፈር ቆለለ፤
በዓመቱ ዛፉ ቅጠል አወጣ፣ “አያችሁ?” አለ።
በሁለተኛው ሰሳው ሳሳ፤
አናቱ እንደ በላ ልብስ ሰማይ አሳየ፣
በሦስተኛው፣ ነፋስ በሌለበት የጥቅምት ቀትር፣
ትልቁ ቅርንጫፍ ቆርቆሮው ላይ ተኛ።
በአፈሩ ግን ማንም አልፈረደ፤
“የሰው ዓይን ነው” ተባለ፤ ተቆረጠ፤ ነደደ።

ነስሩ ቀብዴን መለሰ፣ ግማሹን።
ዳልኬ መጣ፤ ቦዩን ከገመዱ ውጪ ቆፈረ፤
አጥሩ ጋ ሲደርስ ግን ቦታ ጠበበ፣ መግባት ግድ ነበረ።
ዶማውን ጥሎ በእጁ ሲጭር
ክንዴን የሚያህል ሥር።
አጎንብሶ አየው። “ይሄ ሥራ ላይ ነው” አለ፤
ከሥሩ በታች ፈልፍሎ ቱቦውን
እንደ ክር በመርፌ ዓይን አሾለከ፤
ምሳ ሲወጣም የተገለጠውን
እርጥብ ጆንያ አለበሰው። ማንም አላዘዘው።

ቦያችን ጠማማ ሆነ። ሰፈሩ ሳቀ፤
“ቦይ ነው ወይስ እባብ?” እያለ ጠየቀ።
እኔም አፍሬ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር፤
ማስመሪያ ይዞ ያረጀ ሰው፣ ደጁ እንዲህ ሲጣመም ቢያፍር?

የነሐሴው ውሃ መጣ፣ ከላይ፣ ድፍርስ፣ እየተጣደፈ፤
ዋንዛው ጋ ሲደርስ ግን
በተቀመጡ ሽማግሌዎች ፊት እንደማይሻገር ልጅ
በኋላ ዞሮ አለፈ፤
በመንገዱ ቦይ ወርዶ ወደ አዌቱ ከነፈ።

ሁሉም አልዳነም። ወጥ ቤት ሁለት ጣት ውሃ ገባ።
ረውዳ በጣቷ ለክታ፣ “ይሄ” አለች፣ “የጥላው ኪራይ ነው”፤
ባልዲውን አቀበለችኝ።

አሁን መስከረም ነው፤ ነጭ አበባው ረግፏል፤
ንቡ ከሄደ በኋላ የወደቀው ቦዩን ይደፍነዋል።
ሦስተኛው ዓመት ገና ነው፤ ልማድ ሆኖብኝ እቆጥራለሁ፤
በየጠዋቱ መጥረጊያ ይዤ ከላይ እስከ ታች እጠርጋለሁ፤
ሥሩ ጋ ስደርስ እዞራለሁ።