ፀሐይ የተከሰሰችበት መዝገብ

የቀበሌው አዳራሽ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣
ድሬ ገና ሳትግል፣ ጫት ተራው ሳይደራባት፣
ካርታዬን ዘረጋሁ። ቬንትሌተሩ እንዳይነጥቀኝ
አራት የለስላሳ ጠርሙስ ጫንኩበት፤ ጠርዙ ግን አላመነኝ፣
ይርገበገባል።

"ይኼ" አልኩ፣ "ባቡሩ የተወው አሮጌው ዴፖ ነው፤
ይኼ ደቻቱ፣ ጎርፍ ሲመጣ ብቻ ወንዝ የሚባለው፤
ይኼ በእርሳስ የጠቆረው፣ እንደ ምላስ የረዘመው፣
አሥራ ስምንት ሜትር ወርዶ፣ ውሃ ላይ የተኛው ናፍጣ ነው።"

"ካርታ ለምኔ?" አለች ዘቢባ፤ "እኔ በአፍንጫዬ አውቄዋለሁ፤
ባልዲዬ ቀስተ ደመና ይዞ የወጣ ዕለት ጉድጓዴን ዘግቼዋለሁ።
ልጆቹ 'አያምርም?' አሉኝ። ያምራል አልኩ። ድንጋይ ጫንኩበት።
ላምባ ላምባ የሚል ሻይ፣ አንቺ ልጅ፣ ስንቱን ጎረቤት አጠጣሁት!"

ማንበቤን ቀጠልኩ። ዕቅድ ሲነበብ ይቀላል፦
ሰባት የመመልከቻ ጉድጓድ ይቆፈራል፣
የተንሳፈፈው ዘይት በፓምፕ ይቀዳል፣
የተበከለው አፈር ወጥቶ፣ ሳስቶ ይሰጣል፣
እየረጠበ፣ እየተገላበጠ፣
በዓይን የማይታይ ተሕዋሲ ቀስ ብሎ ይበላዋል...

"የት?" አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።
"ምኑ?"
"አፈሩ። የማን ደጅ ነው የሚሰጣው?"
አየሁት ወረቀቴን፤ ያ መስመር ነበር ባዶው።
ገንደ ቆሬ? መልካ ጀብዱ? ሰው የራሱን ጥራጊ እንኳ ከበሩ ያርቃል፤
እጅ ያወጣ አልነበረም። ቬንትሌተሩ ብቻ
ራሱን ወዲያ ወዲህ ይነቀንቃል።

ይኼን ጊዜ ዋርሰሜ ተነሣ፣ የዴፖው ነዳጅ ለኪ የነበረ፤
በከዘራው ጫፍ ሲሚንቶውን እያሰመረ
መጣ፤ የሳልኩትን ምላስ አልፎ፣ ግንቡን ተጠግቶ
አንዱን ነጭ ቦታ ወጋው፣ ጥፍሩን አስገብቶ።

"እዚህ ነው። እዚህ ጋ ቧንቧው ከውስጥ ተሰንጥቆ ነበር።
ማታ በዘንግ እለካለሁ፤ ጠዋት ስለካው ይጎድላል፤
አንድ ጣት። ሁለት ጣት። 'ጻፍ' ይለኛል አለቃዬ።
ምን ብዬ? 'ተነነ በለው። ፀሐይ ናት በል።'
ድሬ ናትና፣ በፀሐይ ላይ ቢመሰከር ማን ይጠራጠራል?
ስድስት ዓመት፣ በየወሩ፣ 'ፀሐይ' ብዬ ጻፍኩ በቀይ ቀለም፤
ፀሐይ እንደሆነች ችሎት ቀርባ 'ሐሰት ነው' አትልም።
ምድር ግን አደራ አትበላ! የሰጠናትን ተቀብላ፣
ጠብታ ሳታጎድል፣ ቀስ ብላ፣ በአሸዋው ሥር አሳልፋ
አስረከበቻት ለዘቢባ ባልዲ።"

ማንም አልሳለም። ላጲስ አወጣሁ፣
ሁለት ወር የደከምኩበትን ምላስ ጠርጌ አጠፋሁ፤
ከጥፍሩ ምልክት ጀምሬ ደግሞ ሳልኩት፣ ሰፊ፣ ረጅም፤
ስምንተኛ ጉድጓድ፤ ዘጠነኛ። ገንዘቡ ግን አልጨመረም።

"ድንጋዩን መቼ ላንሳ?"
ሁለት ዓመት ይላል ወረቀቱ፤ የገንዘብ ሰጪ ቁጥር ነው።
እኔ የማውቀው አሥራ አምስት ነው። ነገርኳት።
በጣቷ ቆጠረች፤ ትንሹ ልጇ ያን ጊዜ ጢም እንደሚያወጣ።
ትቆጣለች ብዬ ነበር።
"ይሁን" አለች፤ "የነገውን ጀሪካን ግን ማን ያመጣ?"

እሱም በዕቅዱ አልነበረም።
ከሁሉ በላይ ጻፍኩት፤ ቁጥር አንድ።

ዋርሰሜ እስክሪብቶዬን ለመነኝ። ከቅጹ ግርጌ፣
"የብክለቱ መነሻ" ከሚለው ፊት፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፤
"ፀሐይ አይደለችም" ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ፤
ቀን ለመጻፍ ፈልጎ፣ የቱን ዓመት እንደሚጽፍ አምታታውና ቆመ።

ስድስት ሰዓት። ውጭው ነጭ ነው፣ ጥላ የለም።
ሁሉም በግንቡ ጥግ ጥግ ተሽሎክልኮ ሄደ፤
እሱ ብቻ መሐል መንገዱ ላይ ቆሞ፣
ኮፍያውን አወለቀላት።