የመጥረቢያ ዓይን

ቡዳ በር አጠገብ፣ ግንቡን ተደግፎ፣
የአባቴ ቤት አለ፣ ጣራው በጭስ ጠቁሮ፣ በዝናብ ተቀርፎ።
ስሙ አብዶሽ ነው። ገበያ ግን ስሙን አያውቅም፤
“ቱምቱ” ብሎ ጠርቶት፣ ከፍሎ ሲሄድ ፊቱን አያይም።

ሃልቮር የሚባል ሰው፣ ጢሙ ቀይ፣ ቁመቱ በራችን የማይበቃው፣
አንድ ረፋድ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ግንባሩን ጉበኑ እየመታው።
መስፉ ላይ ዘረጋ የመጥረቢያ ሥዕል፣
ከላይ ቀጠን ያለ፣ ከታች እንደ ጢም የተንዠረገገ ስል።
“ሺህ ዓመት አልፎታል፤ አያቶቼ ባሕረኞች ነበሩ፣
በዚህ ነው ዛፍ ጥለው መርከብ የሚሠሩ።
ብየዳ አይንካብኝ፣ ሞተርም አይድረስበት፣
እሳትና ክንድ ብቻ ይሁን ያለበት።”
አባቴ ሳቀና “ድሮስ በምን ልሠራ?” አለ፣
“ብየዳ ቤት ሲከፈት አይደል ወይ ገበያዬ የጎደለ?”

ለገላው፣ ከፈረሰ በር የወጣ ማጠፊያ፣ ለስላሳ ብረት፤
ለአፉ ግን ባሌስትራ፣ ድሬዳዋ ጋራዥ የሞተ ትሬንታ ኳትሮ ያወረሰን አጥንት።

የወናፉ ትንፋሽ እኔ ነኝ፤ አንድ እጄ ሲነሳ አንዱ ይወድቃል፣
ከሰሉ ሲተነፍስ ቤቱ ይደምቃል።
“ቀይ ነው? ገና ጥሬ ነው። ብርቱካን? ቆዪ፣ አትንሺ።
የኤረር ማንጎ ሲመስል፣ ያኔ አሸዋ በትኚ፣ እጅሽን አሽሺ።”
ብረቱን ከመሃል አጠፈው፣ እንደ ደብዳቤ፤
በእጥፋቱ ዘንግ ሰክቶ “ይኸው፣ ዓይን አወጣ” ሲል፣ ደንገጥ አለ ልቤ።

ዓይን።
ይህን ቃል እኛ ቤት ቀስ ብለን ነው የምንጠራው።
“የቀጥቃጭ ልጅ መጣች” ብለው ሕፃን ሲሸፍኑ፣
“ማታ ጅብ ይሆናሉ” ብለው ከልባቸው ሲያምኑ፣
ሐረር እኮ ናት! ጅቡን በእጇ የምታጎርስ፣
ከእኛ እጅ ግን ቁራሽ የማትቀምስ።

የመጀመሪያው አልያዘም። ባሌስትራው ከገላው ተላቀቀ፣
መስፉ ላይ ወድቆ እንደ ሸክላ ጮኸ፤ አባቴም ተሳቀቀ።
ሁለተኛው ተቃጠለ። እኔ ነኝ፤ ወናፉን አበዛሁ፣
ፍንጣሪው እንደ ርችት ሲበር በገዛ እሳቴ ፈዛሁ።
አልተቆጣም። “ብረትስ ሲቃጠል ይጮኻል” አለኝና፣
ሌላ ማጠፊያ ፈለገ፣ እንደገና።
ሦስተኛው ነጭ ሆኖ ወጣ፣ ላብ ያጠመቀው መሰለ ፊቱ፤
አንድ፣ ሁለት፣ በቀስታ፣ እንደ መሳም ነበር መምታቱ፣
ከዚያ በኃይል። ከዚያ በኃይል። እስኪጠፋ ስፌቱ።

ታችኛውን ጥግ ሲስበው፣ ጢሙን ሲያወርድለት፣ ሲያቀጥነው፣
መጥረቢያ ሳይሆን ሽማግሌ ነበር የሚመስለው፤
ዓይን አለው፣ ጢም አለው፣ አፍ አለው።
ውሃ ጠጣ፣ ጮኸ፣ ገለባ መስሎ ወጣ ከንፈሩ።
የሰው ስለት ቁልቢ ይሄዳል በታኅሣሥ፣ በእግሩ፤
ያባቴ ስለት ግን እዚሁ ሰመረ፣ ከውሃ ገንዳው፣ ከሞረድ ዳሩ።

ሃልቮር መጥቶ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።
“ስምህን ምታበት” አለ፣ “የሠራ ሰው ይፈርም።”
አባቴ መብሻውን ይዞ ቆመ። እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቼ አላውቅም።
ሃምሳ ዓመት ሙሉ ማጭዱ፣ ማረሻው፣ ቢላው፣
ልጅ ከሚሸፍኑብን ሰዎች ማጀት ገብቶ ሽንኩርት ሲከትፍ የዋለው፣
አንዱም ፊርማ የለው።
በመጨረሻ ክብ መታ፣ በክቡ መሃል ነጥብ።
“ምንድን ነው?” አልኩት። “ዓይን ነው” አለኝ፣ “ባሕር ይሻገርና ይመልከት፣ እስኪጠግብ።”

እዚያ ግንድ ሲፈልጥ ሕፃን ቆሞ ያየው ይሆናል፣
እናቱም ሻሽ ሳትጎትትበት ፍልጡን ትለቅም ይሆናል።
አላውቅም። ሁለተኛው፣ የተቃጠለው፣ እኛ ጋር ቀርቷል፤
አፍ የለው፣ ጢም የለው፣ ዓይን ብቻ። ነፋስ ሲመጣ በሩን ይይዛል።