ቤት ይቁጠረው

ዱሉት ላይ፣ ሐይቁ ጫፍ፣ በረዶ ሲነጣ፣
የሩብ ዓመት መዝጊያ ሪፖርቱ ሲመጣ፣
ወንበሬን አስጠጋሁ ወደ ማሞቂያው ሥር፤
ሥራዬ መቁጠር ነው፣ ሰው በቁጥር ማሰር።

ማን ገባ? ስንት ቀን ከእኛ ዘንድ አደረ?
ሲወጣስ ወዴት ነው? ቁልፍ ይዞ ነበረ?
ሠንጠረዡ ሰፊ፣ እንደ ገበጣ ቤት፤
ለስም አንድ ቤት አለ፣ አንድ ቤት ለልደት፣
ለሕመሙ ሁለት ቤት፣ ለገቢው አንድ ቤት፤
ቤት ያጣ ሰው ሁሉ እኔ ጋ ሲመጣ
ያርባ ቤት ጌታ ሆኖ፣ ተመዝግቦ ወጣ።

ኦሪን ስካድበርግ
መርከበኛ ነበር፣ ብረት ሲያመላልስ፣
ሰንሰለት ሁለት ጣት ወስዶበት፣ ሳይካስ።
ሾርባ ሲቀርብለት "ጨው" ይላል፣ ዝም ይላል፤
"እህቴ ኤሊ ናት" ያለ ዕለት በዝቷል።
(ኤሊ ከተማ ነው፣ ከእኛ በስተ ሰሜን፤
ቤቷን አዝላ የምትሄደው አይደለችም።)

ለዚህ ቤት የለንም፦
ጫማውን አውልቆ ትራሱ ሥር ማኖሩ፣
ሌሊት ከወደቡ ጡሩንባ ሲነፋ
ሳያይ፣ በድምጿ ብቻ፣
የመርከቧን ስም ለራሱ መናገሩ።

ስሙ ሦስት ጊዜ ገብቷል፦ ኦሪን፣ ኦረን፣ ኦራን።
ማሽኑ ሦስት ሰው አለው፤ እኔ አንድ አደረግሁት።
አለቃዬ ማርሊስ ዓይኗን ወረቀት ላይ ተክላ፣
"ሁለት ሰው ጎደለ፤ የት ገቡ?" አለችኝ።
"አንድ ሰው ናቸው" አልኳት።
አልሳቀችም።
ከረዳናቸው ላይ ሁለት ሰው መቀነስ
በምክር ቤቱ ዓይን ሁለት አልጋ ማጣት ነው።

የካቲት ላይ ወጣ። ታቪስ መዘገበው፦
"እህቱ ጋ፤ ቋሚ ቤት።" ደስም አለው።
በደንባችን መሠረት፣ ሰው ካልተመለሰ
ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እንባው ታበሰ።
"እህቱን አይተሃታል?" አልኩት አንድ ቀን።
"ስልኳን ሰጥቶኛል" አለ።

ደወልኩ በመጋቢት፤ መስመሩ ተቋርጧል።
በሰኔ ደገምኩት፤
ተቋርጧል።
ማሽኑ ግን በየወሩ ከስሙ አጠገብ
አረንጓዴ ነጥብ ያኖራል፦ "አልተመለሰም።"

ቤት የገባ ሰውም ወደ እኛ አይመጣም፣
ሐይቅ የገባ ሰውም ወደ እኛ አይመጣም፤
ፋርጎ አውቶቡስ ተራ ካርቶን ላይ ያደረ፣
እስር ቤት የገባ፣ ወይ ሜዳ የቀረ
(እስር ቤትም ቤት ነው?)
ሁሉም ባንድ ቀለም ይለመልማሉ፤
ደምሬ ስጨርስ "ዳኑ" ይባላሉ።

መከራ ሲበዛ "ቤት ይቁጠረው" ይባላል፤
ቤት ለሌለው ሰውዬ ማን ይቆጥርለታል?
እኔ እቆጥራለሁ። ቁጥሬ ውሸት የለው፤
እውነት መሆኑንም አላውቅም፣ ስምለው።

በሃያ ሦስተኛው ወር፣ በጥር እኩሌታ፣
ቀይ ነጥብ በራብኝ ሪፖርት ስሠራ ማታ።
"ተመለሰ።"
ከመቶ ሰማንያ አራት ወደ ሰማንያ ሦስት
ወረድን። ማርሊስ እጇን ግንባሯ ላይ ጭና፦
"አንድ ወር! አንድ ወር ብቻ ቢታገሥ ኖሮ!"

እኔ ደረጃውን ሁለት ሁለት ወረድኩ፤
ውጤታችን ሲወድቅ ደስ ሲለኝ አፈርኩ፤
ግን ወረድኩ።
ምድር ቤት፣ ከጥጉ፣ ጢሙ በረዶ ቋጥሮ፣
በስምንት ጣቱ ሳህኑን ከብቦ፣
ቀና ብሎ አየኝ። "ጨው።"

ሰጠሁት።
አዲስ ቅጽ ዘረጋሁ፤ አርባ ቤት፣ ሁሉም ባዶ።
ከመጀመሪያው ጀመርኩ፦
"ስምህ በትክክል ኦሪን ነው ወይስ ኦረን?"
ሾርባውን እያማሰለ ቆየ።
"እስካሁን ስንት አላችሁ?"
"ሦስት።"
"አንዱን ምረጪ" አለኝ፤ "እኔ ልብላ።"