ሐረግ ማሳጠር

ጥቅምት ገባ፤ ቢቸና ሰማይዋ ጠራ፤
የጎረቤት ቆርቆሮ በፀሐይ አበራ፤
የአባቴ ክፍል ግን ጨለማ ነው ቀኑ፤
በባትሪ ብርሃን ነው የሚቆጠር ክኒኑ።

ጥፋቱ የእርሷ ነው፣ የሰም አበባዋ፤
ነርስ ይመኙሻል ሞጣ ስትዛወር፣
በወተት ጣሳ ተክላ የሰጠችን ነበር፤
ያኔ ሁለት ቅጠል።
አሁን የመጋረጃ ብረት ተጠምጥማ፣
ሰዓቱን ሸፍና፣ መስኮት አጨልማ፣
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ሳይነካት፣
አባቴ አልጋ ላይ፣ እርሷ ኮርኒስ ላይ ናት።

አባቴ እንየው ዲማ ቅኔ ቆጥሮ፣
ሳይመረቅ ወጣ፤ ኖረ ራፖር ቀምሮ፤
ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ካንድ ጃንጥላ ጋራ፣
የውርስ፣ የድንበር አቤቱታ ሲሠራ።
ባላገር ይጀምራል፦ «ከቅድመ አያቴ…»
እርሱ ብዕር ያነሣል፦ «ይበቃል፣ አባቴ፤
ሐረግ ሲበዛበት ዳኛ ይተኛል» ብሎ፣
አንድ ገጽ ያወጣል፣ ሦስቱን ገጽ ጥሎ።

ዛሬ መቀስ ይዤ በርጩማ ላይ ወጣሁ፤
«ከየቱ ልጀምር?» ብዬ ዘወር አልሁ።
ትራሱን ደግፎ፣ ዓይኑንም ጨፍኖ፣
ያዘኝ ጀመር እርሱ፣ እንደ ዱሮው ሆኖ፦

«መቀሱን በአረቄ አበስሽው ወይ?» አለኝ፤
«አዎ» ስል፣ «ለእኔስ?» ብሎ ሳቀብኝ፤
ሳል ያዘው። ጠበቅሁት።
«ደረቁን አስቀድሚ፤ ከዚያ የኮሰሰ፤
ከአንጓው ከፍ በይ፤ አንጓ ከፈረሰ
ቡቃያ የለም።»

ቆረጥሁ። ከቁራጩ አፍ ነጭ ወተት መጣ፤
ጣቴን አጣበቀ፤ ቢታጠብ አልወጣ።
ሐረጉ ወረደ፣ ከነሸረሪቱ፣
ከነአቧራው ጭምር፤ ተገኘ ሰዓቱ፤
ለካስ ቆሞ ኖሯል፣ ዐሥር ከሩብ ላይ፤
የየትኛው ዓመት፣ የየትኛው ፀሐይ!

አንዲት ጉጥ ነበረች፣ አጭር፣ ቅጠል የሌላት፣
እንደ ክብሪት እንጨት፣ የጠቆረ ራስ ያላት፤
ሞታለች አልሁና ቀነጠብሁ።
ድምፁን ሰማ መሰል፣ ዓይኑን ገለጠና፣
«አጭር ነበረች?» አለ፤ ዝም አልሁት፤ ቀጠለና፦
«አምና ባበበችበት፣ በዚያው ጉጥ ላይ ነው
ከርሞ የምታብብ። ባዶ የሚመስለው፣
የሞተ የሚመስለው፣
እርሱ ነው ማሕፀኗ።»

የሐረግ ነገር ከተነሣ፣ ዘመድ የሚል አውቃለሁ፤
በሠርግ፣ በተዝካር፣ ጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ፦
«የእንየው ሐረግ በአትጠገብ አበቃ፤
ደረቅ ጉጥ ናት እርሷ፤ ቅጠል የላት፣ በቃ።»
አባቴ ይህን ሰምቶ ያውቅ ይሆን? አልጠየቅሁትም።
ጉጧን በመዳፌ እንደ ያዝሁ ቆምሁ፤
ወተቷ እጄ ላይ ደረቀ።

«ስንት ቀረ?» አለኝ። ቆጠርሁ፤ «ዐሥራ ሰባት።»
«መዝገብ አይዘጋም፣ ባንድ ፊደል ስሕተት።
ውረጂ አሁን። ሰሙን ጥረጊው» አለ።
ወርቁን አልነገረኝም።

ለምለሙን ለይቼ፣ በለስላሳ ጠርሙስ
ውኃ ሞልቼ አቆምሁት፣ ሥር እስኪልስ ድረስ፤
አንዱ ለጠጅቱ ነው፣ ለጎረቤታችን፤
ሁለቱ ለማን እንደሆነ ገና አላወቅን።

ፀሐይ ገባች። መጀመሪያ ጣሳው ላይ፣
ከዚያ ብርድ ልብሱ ላይ፣
ከዚያ ቀለም የነከሳት አመልካች ጣቱ ላይ።
«ክኒኑን አምጪ» አለ፣ «ራሴ ልቁጠር።»
እንደ ቅኔ ቤት ልጅ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣
አንድ በአንድ፣ በጣቱ እየገፋ ቆጠረ።
ሦስት ነበሩ። አራት አለ።
አላረምሁትም።