ሃያ ሦስት ጠብታ

«ድንጋይ ውሃ ውስጥ ሺህ ዘመን ቢኖር
ዋና አይለምድም» ይላል ተረት፤
ይህን የተረተው ሰውዬ
ኡንተርቫይለርን መች አያት!
እዚህ ድንጋይ ዋና ያውቃል፤
ከኖራው ተራራ ሆድ ይነሳል፣
በቧንቧ ውስጥ እየቀዘፈ
ሳይታይ ማጀት ይገባል፣
ማንቆርቆሪያው ሲሞቅለት
ውሃውን እንደ ልብስ አውልቆ ይተኛል።

የኔ ሥራ መቁጠር ነው።
የማዘጋጃ ቤቱን ብልቃጥ ይዤ፣ በወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ፣
በየቤቱ ቧንቧ ሥር እደቅናለሁ፤
አምስት ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ ጠብታ፣
ጠብታ፣
ጠብታ፣
ቀዩ አረንጓዴ እስኪሆን።
አንድ ጠብታ አንድ የጀርመን ዲግሪ።
ዳቦ ጋጋሪዋ ኢርምትራውት ቤት ሃያ ሁለት፣
ትምህርት ቤቱ ሃያ ሁለት፣
ገብሃርድ ቤት ሃያ ሦስት።
ለምን በአንድ እንደሚበልጥ አላውቅም፤
እሱ ግን ይኮራበት ነበር።

አርባ አንድ ዓመት ቧንቧ ሠሪ ነው ገብሃርድ።
መስኮቱ ላይ የተቆረጠ ብረት አለው፣
ውስጡ እንደ ዛፍ ግንድ፣ ቀለበት በቀለበት፣
መሀሉ ላይ እርሳስ የማታሳልፍ ቀዳዳ የቀረችበት።
«ከፓስተሩ ቤት ነው ያወጣሁት» ይላል፤
«ስብከት ያሳልፋል፣ የገላ ውሃ ግን እንጃ።»

በከተማችን ሳሙና አረፋ እንዲሰጥ ይለመናል፤
ብርጭቆ ታጥቦ ይደበዝዛል፤
ፎጣው ፊት ይፍቃል፤
ሻይ ላይ ስስ ቆዳ ይጋገራል፤
አዲስ ሙሽራ ከስጦታዎቿ መሀል
አምስት ሊትር ኮምጣጤ አታጣም።
ጤና አይነሳም፣ ስንቴ ተናገርኩ!
አጥንት ይወደዋል፣ የሚጎዳው ማሽን ነው።
ሰው ግን አጥንቱን አያይም፣
ማሽኑን ያያል።

ሦስት ምሽት አዳራሽ ተቀምጠን ውሃ ስንወቅጥ ቆየን፤
በአራተኛው ድምፅ ሰጠን።
ከሩቁ ሐይቅ ለስላሳ ውሃ በመስመር ይምጣ፣
አምስት መቶ አስራ ሁለት።
የኛው ይበቃናል፣
ሁለት መቶ ስድስት።
ገብሃርድ ከየትኛው እንደነበረ አልተናገረም፤
ሮስቪታን ከቀበረ ወዲህ
ብዙ ነገር አይናገርም።

አዲሱ ውሃ በገባ ሰሞን
የአሮጌውን ቧንቧ ግድግዳ ላሰ፣
የተኛውን ዝገት ሁሉ ቀሰቀሰ፤
ሰው ቡናማ ውሃ እያየ
የመረጠውን ረገመ።
ከዚያ ጠራ።
ሰባት ጠብታ። ሰባት!
ቀዩን ሳልጠግበው አረንጓዴ ሆነ።
ኢርምትራውት ሳሙናው ከእጇ አልለቅ ብሎ
እንደ ዓሣ እየተሙለጨለጨች ሳቀች፤
ወዲያው ደግሞ ፊቷን አጨፈገገች፦
«ሊጤ ግን ወገቡ ላላ።»

ገብሃርድ ቤት ሁለት ማንቆርቆሪያ አየሁ።
አንዱ አዲስ፣ ፊቴን የሚያሳይ።
ሌላው ምድጃው ጥግ፣ ክዳኑ እንደተከደነ።
ከፈትኩት፤ ነጭ ዋሻ፣
ግድግዳው ጣት የሚያህል።
«አኔግሬት እሁድ መጥታ
ኮምጣጤ ልትጨምርበት ነበር፣ በደግነት።
ከእጇ ላይ ቀማኋት።»
ክዳኑን መልሶ ገጠመው።
«የላይኛው ስሱ የኔ ነው።
ከሱ ሥር ያለው በሙሉ
እሷ ያፈላችው ነው።»

ሥራዬ መቁጠር ነው፣
ምን እንደምቆጥር ጠፋኝ።
ብልቃጤን ደቀንኩ፤ እሱም ቤት ሰባት፣ እንደ ሰው ሁሉ።
ልጽፍ ስል፦
«ይህን ለስላሳ ውሃ እሷ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ባሳድረው፣
ጠዋት ስንት ይላል?»
«ስምንት» አልኩ፣ «ምናልባት።»
«አንዱን ከየት ያመጣዋል?»
አልመለስኩም። ቧንቧ ሠሪ ነው፣ ያውቃል።
«እንግዲያስ ደረቁን ይቀመጥ» አለ።

ስወጣ ቧንቧውን ሲዘጋ ሰማሁ፣
አንዴ፣
እንደገና አጥብቆ፤
ጎማው አዲስ ነው፣ አያንጠባጥብም።