ልዩ ምግብ ቤት

ሳቢያን፣ ከጎሚስታው አጥር፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ፣
አንዲት ቤት ተለጥፋ፣ ቆርቆሮ ተከልላ፣
በቀይ ቀለም ተጽፎ፣ በተንጋደደ ፊደል፣
«ልዩ ምግብ ቤት» ይላል፤ ጉራም እንዲህ ሲታደል!

ምኑ ነው ልዩው? ወንበሩ ፕላስቲክ፣
የጠረጴዛው ልብስ አበባ ያለው ላስቲክ፣
ማራገቢያው አንድ ክንፉ የወለቀ፣
ግድግዳው ዘይት ጠግቦ፣ ወዝቶ የደመቀ፣
የቀን መቁጠሪያው ካቻምና ያለቀ።
ስንት ጊዜ አለፍኩት፣ በከንፈሬ ስቄ፣
ላቤን ከአንገቴ ላይ በሶፍት አድርቄ።

ደሞዝ ሊወጣ ግን ስድስት ቀን ሲቀረው፣
ሆድ ጉራ አይመርጥም፤ ኪስ ነው የሚመርጠው።
ገባሁ።
ፀሐይ የመጠጠው የምግቡ ፎቶ
እኩሌታው ሰማያዊ፣ እኩሌታው ነጥቶ፣
ከሁሉ ርካሹን በጣቴ ነካሁት፤
ስሙን አላወቅሁት።
መጣ በሰሐን ሙሉ፣ በሩዝ ታጅቦ፣
ቀመስኩት። ደገምኩት። ወይ ጉድ! ወላሂ! አቦ!
እንቁላል በቲማቲም!
እናቴ ለገሃሬ፣ ወሩ እንዲህ ሲገፋ፣
ሦስት እንቁላል ለስድስት ልጅ ስታሰፋ…
ቻይና ድረስ ሄጄ፣ ራት ልብላ ብዬ፣
እናቴ ጓዳ ራሴን አገኘሁ፣ ማንኪያ አንጠልጥዬ።
ልዩነቱ ቢባል፣ አንድ ቁንጥር ስኳር።

«አንቺ፣ ምኑ ነው ልዩ?» ስላት ፈርዶሳን፣
ሳቋ ቀደማት፣ ሳታወርድ ትሪዋን፦
«አቦ፣ ስሙ'ኮ ነው! ሰውየው ሊዩ ነው።
ቀለም ቀቢው ሰምቶ፣ እንደገባው ጻፈው።
ማን ያርመዋል? እሱ እንደሆን አያነበው።»

ሊዩም ብቅ አለ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ፣
እንደኛው በላብ ርሶ፣ እንደኛው ከስሎ፣
ከአዲሱ ሐዲድ ጋር መጥቶ፣ ከሐዲዱ የቀረ።
ጓደኞቹ አገር ገቡ፤ እሱ ሩዝ ሲቀቅል አደረ።
አንዱ «ዕዳ ነው» ይላል፣ አንዱ «ሴት አለችው፣ መልካ ጀብዱ»፤
እሱ «ሙቀት ጥሩ» ይላል። አማርኛው እስከዚህ ነው መንገዱ።

በቀጣዩ ወር ጎረቤቴን ይዤ ሄድኩ፣ አዋሌን፣
የጥንቱን ሸማንደፈር፣ የፉርጎ አጋጣሚውን፣
አዲጋላ ላይ ሌሊት፣ ፉርጎ ከፉርጎ ሲያያይዝ፣
ሁለት ጣት ጥሎ የመጣውን፣ ዛሬም በሦስት የሚይዝ።
«የኛን ባቡር የቀበሩ፣
ምን ሊያበሉኝ ነው ደግሞ?» እያለ፣ እስኪደርስ ከበሩ።
«ሃላል ነው?» አለ። «ወላሂ» አለች ፈርዶሳ።
ዞሮ ወጥ ቤቱን አየና፣ ጠየቀ እንደገና።
«ወላሂ! ቢላሂ!»
ተቀመጠ።

ሹካ ሁለት ነበር፤ ሁለቱም በሰው እጅ።
ሊዩ ወጣ። የአዋሌን እጅ አየ። አልሳቀም፣ አልፈዘዘ፤
ከጣሳው ውስጥ ሁለት ቀጭን እንጨት መዘዘ፣
ከአውራ ጣቱና ከቀሪዎቹ መሐል አስገባለት፣
እንደ ልጅ እጁን ይዞ፣ ክፈት ዝጋ አለው፣ ያለ አንደበት።
ሩዙ ወደቀ። እንቁላሉ ወደቀ። ቲማቲሙ ጢሙ ላይ ቀረ።
«አቦ ተወኝ!» አለ፤ ራሱ ግን አልተወም፣ ሞከረ።

በዚህ መሐል መብራት ሄደ፣ ድሬ እንደለመደችው።
ፈርዶሳ ስልኳን አብርታ ከፍ አድርጋ ያዘችው።
ግድግዳው ላይ፣ ከዘይቱ ወዝ መሐል፣
የአዋሌ እጅ ጥላ ወጣ፤ ዛፍ ያህላል።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
አራት፣
አምስት።
ማንም አልተናገረ። እሱ ግን ቆጥሮ፣
ከፍቶ ዘጋ፣ ከፍቶ ዘጋ፣
ምግቡን ረስቶ፣ አንገቱን አዙሮ።

ስንወጣ «ስኳር ያበዛል» አለ። ሌላ አላለም።
ሒሳቡን እኔ ከፈልኩ፤ እሱ አልተከራከረም።
ከሸሚዙ ኪስ ሁለት የእንጨት ጫፍ ብቅ ብሏል።
ፈርዶሳ አይታለች።
ሊዩም አይቷል፤
ፎጣውን አንገቱ ላይ አዙሮ
ወደ ምድጃው ተመልሷል።