ጭራ ያላት ክብ

ሰኪና ለውዝ ሻጯ ከሒርማታ ገበያ፣
ወፍራም ጥራዝ ገዛች ለለውዝ መጠቅለያ፤
መዝገበ ቃላት ነው፣ ሽፋኑ የወለቀ፣
እንግሊዝኛ በአማርኛ፤ እስከ «ፒ» ተሸጦ ያለቀ።
እኛ ቤት የደረሰው፣ በአባቴ ኪስ ታጥፎ፣
«ኪው» ነበር፤ ጨው ጠግቦ፣ ጠርዙ ረግፎ።

አባቴ አባ ዲጋ ተሸካሚ ነበር፣
ከመጋዘን አውጥቶ ቡና የሚደረድር።
«ለውዙ ላንቺ» ይላል፣ «ወረቀቱ ለእሳት።»
እሺ እለውና ከፍራሼ ስር እልካለሁ፤
በቀን አንድ ቃል ነበር፣ ከእራት በኋላ እራት።

በቁቤ ስንማራት ያቺ ጭራ ያላት ክብ
«ቀ» ናት፣ ከጉሮሮ፤ እንደ ቀልቢ፣ እንደ ቀልብ።
እናም ክፍል ውስጥ ቆሜ
«ቁኢክ፣ ቁኤን፣ ቁኢት» ብል ድምፄን ሳላስጨንቅ፣
መምህር ወንድይፍራው ሳቀ፣ ጠመኔው እስኪወድቅ።
«ኩዊክ ነው፣ ኩዊን ነው፤ ጉሮሮ አይታነቅ!»
ለቀቅኩት።
ወደ ቤት ስመለስ፣ ማንም በሌለበት፣ መልሼ አነቅኩት።

ደግሞ ብቻዋን አትወጣም፤ «ዩ»ን ታስከትላለች፣
ሚዜ ካልያዘች እንደምታፍር ሙሽራ።

«ኩዌይል» ይላል፤ ድርጭት።
ጅሬን ዳገት፣ ሣሩ መሐል፣ እግሬ ስር ፍርር ያለች፣
እኔን አስደንግጣ እሷ የደነገጠች።

«ኩዌንች»፤ ጥም መቁረጥ፣ እሳትም ማጥፋት።
በነሱ አፍ ውኃ አንድ ሥራ አለው፤
በኛ አፍ አንዱን ይቆርጣል፣ ሌላውን ያጠፋል።

«ኩዋሪ»፤ ካባ፣
ድንጋይ የሚፈለጥበት እንጂ ሙሽራ የሚደርበው አይደለም።
ሁለተኛ ፍቺ፤ የሚታደን አውሬ።
ጋራውም ሚዳቋዋም በአንድ ስም ይቆስላሉ።

«ኩዊልት»፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተጣጥፎ የሚሰፋ ልብስ፣
ለልጅ ልጅ የሚወረስ።
ድሪቶ ማለቱ ነው።
እናቴ የኔን ድሪቶ እንግዳ ሲመጣ አልጋ ስር ትከተዋለች።

«ኩዋግማየር»፤ ማጥ።
ይሄንን ማንም ሳይፈታልኝ አውቀዋለሁ፤
በሐምሌ ከደጃችን እስከ አዌቱ ድልድይ ያለው ሁሉ ነው።
አንድ እግር ጫማዬ እስከ ዛሬ እዚያ ውስጥ ይማራል።

አንዱን ቃል ዘይት በልቶታል፤
ፍቺው ብቻ ቀርቷል፤ «ሳይናገሩ መቆየት።»
ስሙን ብዙ ቀን ፈለግኩት፤ መምህሩን መጠየቅ አፈርኩ።
አባቴ ደክሞ ሲገባ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣
ያ ቃል አጠገቡ ይቀመጣል።

ከዚያ አንድ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በሻማ፤
«ኩዊንታል፤ መቶ ኪሎ።»
ደገምኩት። ኩዊንታል። ኩንታል!
ዝቅ ብዬ አየሁ፤ «ኩዎታ»፣
የቀበሌው ስኳር፣ ያ እናቴን ሦስት ጊዜ ያመላለሳት ኮታ።
ከፍ ብዬ አየሁ፤ «ኩዊኒን፤ የወባ መድኃኒት።»
የኛው ኪኒን! ምላሴ ሳይነካት መረራት።
ለካ አባቴ እንግሊዝኛ ሲሸከም ነው የኖረው፤
በቀን ሠላሳ ቃል፣ በማጅራቱ፣
አንድም መምህር ሳያርመው።

ሮጬ ነገርኩት። እግሩን ይታጠብ ነበር።
«አባ፣ ኩንታል እኮ እንግሊዝኛ ነው!»
«ተይ እንጂ» አለ። ውኃው ላይ ቆየ።
«ክብደቱስ? እሱ የየት አገር ነው?»

ያቺን ፊደል አሳየሁት፣ ትልቋን፣ ከገጹ አናት።
ወደ ሻማው አስጠጋት፤ ዘቅዝቆም አያት፤
እንደ ብረት በጠጠረ አውራ ጣቱ
ጭራዋን ዳሰሰ፣ ደግሞ ዳሰሰ።

«ይቺማ ጆንያ ናት» አለ።
«ከሥሯ ተቀድዳለች። አየሽ? ቡናው እየፈሰሰ ነው።
ባለቤቱ ነገ ከኔ ነው የሚቆርጠው።
ሂጂ፣ ወስፌና ሲባጎውን አምጪ።»